ፀሐይም ኮከብም በጠፋበት ባሕር ላይ ብርሃን ከየት ይመጣል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ጾመ ነነዌ በመጣ ቁጥር የዮናስን መጽሐፍ እንሰማለን፤ ዘንድሮ ስሰማው አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባሕር ላይ የወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኖኅ አለ። ዮናስ አለ። ሙሴና ሕዝቡ አሉ። ደቀ መዛሙርቱ አሉ። ጳውሎስ አለ። ከእነዚህ መሐል መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያየ ማን ነው? እኔ አንድም አላገኘሁም።

የኖኅን መርከብ ተመልከቱ። ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30 ነው። ሦስት ደርብ አላት። በርና መስኮት አላት። ቅጥራን ተቀብታለች። መሪ ግን የላትም፤ ሸራም መቅዘፊያም አልተጠቀሰም። ኖኅ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ቢያውቅም ሊያዞራት አይችልም።

እስረኛ ሆኖ በመርከብ ወደ ሮም የተወሰደው የጳውሎስ ደግሞ ይብሳል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ሉቃስ እንደጻፈው፣ ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም ሳይታዩ ቆዩ። በመጨረሻ የመዳን ተስፋቸው ተቆረጠ። መልአኩ በሌሊት የቆመው ይኼኔ ነው። ያውም ማዕበሉን አላቆመም። ነፍስ እንደማይጠፋ ተነገረ፤ መርከቧ ግን አልተረፈችም።

የኔ እምነት ይኼ ነው። ባሕር ላይ የተሰጠው ብርሃን መንገዱን ሁሉ ወለል አድርጎ የሚያሳይ አይደለም፤ ሰውን አጽንቶ የሚያቆም ነው። በእኛ አካባቢ ስንቱ ሰው ነገን ሳያውቅ ያድራል። ስለዚህ ነገሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም። ብርሃን ስጠን ብለን ስንጸልይ ምን እየለመንን ነው? እስቲ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

(መልሶቹን ከዚህ በታች በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ።)

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ መጣ። ጸሐፊው መሪጌታ ናቸው። በሐሳቤ ተስማሙና መዝሙር 106ን እንዳነብ መከሩኝ። እዚያ ላይ በመርከብ ወደ ባሕር የወረዱ ሰዎች ማዕበሉ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ ወደ ጥልቅ ያወርዳቸዋል። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ጥበባቸው ሁሉ ይዋጣል። የሚጮኹት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ማዕበሉ ጸጥ ይላል፤ ወደ ፈለጉት ወደብም ይመራቸዋል። መሪጌታ ተራውን ልብ እንድንል ለመኑ። መጀመሪያ የሰው ብልሃት ያልቃል፣ ቀጥሎ ጩኸት ይመጣል፣ ምሪት የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

2ኛ መልስ

አጭር ነበር። መዝሙሩ 106 ሳይሆን 107 እንደሆነና ሰው ከመጻፉ በፊት ገልጦ ቢያይ እንደሚሻል ገለጸ። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም።

3ኛ መልስ

መሪጌታ አልተቆጡም። ሁለቱም ልክ እንደሆነ አስረዱ። የእኛ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም አቆጣጠር ስለሚከተል፣ በሌላው እትም 9 እና 10 የተባሉት አንድ መዝሙር ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ ይቀንሳል። ይህን ካሉ በኋላ ለእኔ ሌላ ስጦታ ጨመሩልኝ፤ መዝሙር 76ን። የእግዚአብሔር መንገድ በባሕር ውስጥ ነው፣ ዱካው ግን አይታወቅም ይላል። እንዲህ ያለ ጥቅስ እየፈለግሁ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ መሪጌታ።

4ኛ መልስ

ከዓለም ከተማ የጻፈ ወጣት የጳውሎስን ታሪክ ወደ ምክር ወሰደው። እሱ እንዳለው ጳውሎስ መላጥያ (ዛሬ ማልታ በምትባለው ደሴት) ላይ ሳሉ ከዚህ አንነሳ ብሏቸው ነበር፤ አልሰሙትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ትልቅ ሰው የሚለውን መስማት እንደሚገባም አሳሰበ።

5ኛ መልስ

ይኼኛውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ደብረ ሲና ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው የጻፉት። መጀመሪያ ወጣቱን በጨዋነት አረሙት። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው መላጥያ ላይ አይደለም፤ ቀርጤስ ደሴት፣ መልካም ወደብ በተባለው ቦታ ነው። መላጥያ መርከቧ የተሰበረችበት ነው። የመቶ አለቃው ዩልዮስም ያለ ምክንያት እምቢ አላለም። የመርከቡ መሪና ባለቤቱ እንሂድ ብለውታል፤ ሙያተኛ አምኖ ነው የሄደው።

ከዚያ ስለ ጊዜው አስረዱ። የአይሁድ የጾም ወራት አልፎ ነበር፤ ማለትም ክረምታቸው ደጅ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በሜድትራንያን ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት መርከብ ከወደብ እምብዛም አይወጣም። ለዘብ ያለ የደቡብ ነፋስ ነፈሰና አታለላቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓውሎ ነፋሱ ከደሴቲቱ ወረደባቸው።

ፀሐይና ኮከብ መጥፋቱን ያነሱበት መንገድ ለእኔ አዲስ ነበር። እኛ ስናነበው ጨለማ ሆነ ብለን እናልፋለን። ኮምፓስ ግን ገና አልነበረም። መርከበኛ ያለበትን የሚያውቀው ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በኮከብ ነው። ሁለቱ ከጠፉ የት እንዳለ አያውቅም፤ ወዴት እየተነዳ እንደሆነም አያውቅም። ከቀርጤስ አጠገብ ካለችው ትንሽ ደሴት እስከ መላጥያ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ በጭፍን ተነዱ።

በአሥራ አራተኛው ሌሊት የሆነውን ደግሞ ቁጭ አድርገው አሳዩን። እኩለ ሌሊት ላይ መርከበኞቹ ወደ ምድር የቀረቡ መሰላቸው። ምንም አይታይም። ጫፉ ላይ ከባድ ነገር የታሰረበት የመለኪያ ገመድ ወደ ውኃው ለቀቁ። መስፈሪያው የአንድ ሰው ሁለት እጅ ተዘርግቶ ያለው ርዝመት ነው። 20 ወጣ፤ ወደ 36 ሜትር ገደማ። ጥቂት ሄደው ደግመው ጣሉ። 15 ሆነ፤ 27 ሜትር ገደማ። ባሕሩ እየጎደለ ነው፤ ከፊት ድንጋይ ሊኖር ይችላል። ከኋላ በኩል አራት መልሕቅ ጣሉና እስኪነጋ ተጨነቁ። የመምህሩ ነጥብ ይህ ነበር። መልአኩ ለጳውሎስ ተናግሯል፤ ተስፋው ተሰጥቷል። እንደዚያም ሆኖ ገመዱን መጣል አልቀረም። እንዲያውም መርከበኞቹ በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሉ፣ እነሱ ካልቀሩ ሌላው እንደማይድን የተናገረው ራሱ ጳውሎስ ነው።

ይህ ሐሳቤን አጠናከረልኝ። ብርሃኑ የሰውን ሥራ አልተካም።

6ኛ መልስ

የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በአዲስ አበባና በደሴ መሐል ይመላለሳል። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የጣርማ በርን ጉም ግን ያውቀዋል። ጉሙ ሲወርድ ልምድ የሌለው ሰው ረጅሙን መብራት ያበራል። ያኔ ጉሙ መብራቱን መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጨዋል፤ ጭራሽ ምንም አይታይም። የሚያዋጣው አጭሩን አብርቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እያዩ፣ ቀስ እያሉ መውረድ ነው። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ድረስ ያለውን ጠመዝማዛ በሙሉ ለማየት የፈለገ ሰው ገደል ይገባል። ምናልባት እግዚአብሔርም አጭሩን መብራት የሚሰጠን አውቆ ይሆናል ብሎ ጨረሰ። ለእኔ ይህ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

7ኛ መልስ

አንድ አባል ተቆጥቶ ገባ። ስለ ጉምና ስለ አስፋልት ለማውራት ሌላ ቦታ አለ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። አንድም ሰው መንገዱን አላየም ማለቴ ስህተት እንደሆነ፣ እስራኤል የደመናና የእሳት ዓምድ ከፊታቸው እየሄደ እንደመራቸው፣ ዘጸአትን ሳላነብ ለመጻፍ እንደቸኮልሁ ነገረኝ።

8ኛ መልስ

ይህን የመለስሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ዘጸአት 14ን አብረን እናንብብ አልሁት። ዓምዱ በበረሃው ከፊታቸው ይሄድ ነበር፤ እውነት ነው። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ግን ከፊታቸው ተነስቶ ወደ ኋላቸው ሄደ። በእነሱና በግብፃውያን መሐል ቆመ። ለአንዱ ወገን ጨለማ፣ ለሌላው ብርሃን ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ፤ ውኃው ተከፈለ። ስለዚህ ወደ ባሕሩ የገቡት ከፊታቸው ምንም ዓምድ ሳይቀድማቸው ነው። ያ ብርሃን ከጀርባቸው ሆኖ ጠላት ይከላከልላቸው ነበር። ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ የተጠበቅሁበትን ነገር ዞር ብዬ ሳላይ ያለፍሁ ይመስለኛል።

ሾፌሩንም ተከራከርሁለት። ቅዱስ መጽሐፍ የሚነበበው በምንኖርበት አገር ሆነን ነው። እኛ የምንኖረው ጉም ውስጥ ነው።

9ኛ መልስ

ከሸዋ ሮቢት አንድ ሙስሊም ወንድማችን ፈቃድ ጠይቆ ገባ። ነቢዩ ዩኑስ በቁርኣንም እንዳሉ አስታወሰ። በሱራ አል አንቢያ በጨለማዎች ውስጥ ሆነው እንደተጣሩ ተጽፏል። የሃይማኖቱ ሊቃውንት ጨለማዎቹን ሦስት ይሏቸዋል፤ የሌሊቱ፣ የባሕሩና የዓሣው ሆድ። ዩኑስ በዚያ ውስጥ ሆነው የለመኑት መውጫ መንገድ አልነበረም። የአላህን አንድነት መሰከሩ፣ ጥፋታቸውን አመኑ። መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሱራ አል አንዓምም ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ ሰው እንዲመራባቸው እንደተሰጡ ተጠቅሷል። አያቱ ይህን ታሪክ ይነግሩት የነበረው ከክርስቲያን ጎረቤት ልጆች ጋር አስቀምጠው እንደነበርም ጨመረ።

10ኛ እና 11ኛ መልስ

አንዱ ውይይቱ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ እንዲሆን ጠየቀ፤ አነጋገሩ ደስ አላለኝም። መሪጌታ ቀድመውኝ መለሱለት። ዮናስን የሚያከብር ሰው እንግዳ እንዳልሆነ፣ ቤት የመጣን ሰው ደግሞ ቁጭ በል እንጂ ውጣ እንደማይባል ጠቅሰው ነገሩን ዘጉት።

12ኛ መልስ

ከአንኮበር የጻፈች እህት ወደ ገሊላ ባሕር መለሰችን። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በተራሮች ተከቧል። ነፋስ ከላይ ድንገት ሲወርድ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅ ውኃውን ባሸሸው ጊዜ በጭቃው ውስጥ የዚያ ዘመን ጀልባ ተገኝታለች፤ ርዝመቷ ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በእንዲህ ያለች ጀልባ ላይ ነው እንግዲህ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሲቀዝፉ ያደሩት።

ጌታ የመጣው ከሌሊቱ በአራተኛው ክፍል ነው፤ ሊነጋ ሲል። እነሱ ግን ምትሐት መሰላቸውና ጮኹ። እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ አሁንም አልለቀቀኝም። የለመንነው ብርሃን ሲመጣ ልንፈራው እንደምንችል አስበን እናውቃለን ወይ? በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የተሰጣቸው አቅጣጫ አልነበረም፤ እኔ ነኝ፣ አትፍሩ የሚል ድምፅ ነበር።

13ኛ መልስ

እዚህ ላይ ወሬው ትንሽ ሸሸ። አንዱ የከተማችን ልጅ ከሣቴ ብርሃን አቡነ ሰላማን አነሳ። ከጢሮስ የተነሳው ወጣቱ ፍሬምናጦስ (በኋላ አቡነ ሰላማ የተባለው) የመጣበት መርከብ ለውኃ ወደብ ሲቆም ሰዎቹ ተገደሉ፤ እሱና ወንድሙ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በኋላ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ያ መከራ ባይደርስ ኖሮ ምን እንሆን ነበር ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አፄ ዘርአ ያዕቆብ እና በሰማይ ስለታየው ብርሃን፣ ደብረ ብርሃንም በዚያ ምክንያት ስለመመሥረቷ ቀጠለ። ሁለቱም የምወዳቸው ታሪኮች ናቸው፤ ግን ለብቻቸው ሰፊ ውይይት ይፈልጋሉ።

14ኛ መልስ

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። ከአጣዬ አካባቢ አንዲት እናት ጻፉ። ልጃቸው ሳይነግራቸው ወጥቷል። አሁን ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ነው። ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ እየጠበቀ እንደሆነ ደውሎ ነግሯቸዋል። መምህሩ ስለ መለኪያ ገመዱ የጻፉትን ሲያነቡ እንዳለቀሱ ተናገሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። በስልክ የሚልኩለት ጸሎት የትኛው ይሁን?

15ኛ መልስ

በ7ኛው የተቆጣው ሰው ተመለሰ። ወላጁን ሳያማክር የሄደ ልጅ ዮናስን ይመስላል፣ ማዕበሉ የመጣው በሸሸው ሰው ምክንያት ነው፣ ስለዚህ መልአክ መጠበቅ አይገባም የሚል ነገር ጻፈ። ይህን ለአንዲት እናት መጻፍ ልብ ይጠይቃል። ጽሑፉን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

16ኛ መልስ

የአንኮበሯ እህት አልማረችውም። ዮናስ ከኢዮጴ ወደ ተርሴስ እየሸሸም ቢሆን ዓሣው የተላከለት ሊያድነው ነው። መርከበኞቹ እንኳ በእሱ ጥፋት መጥፋታቸውን እያወቁ ቶሎ አልጣሉትም፤ ወደ ምድር ሊመልሱት መጀመሪያ በርትተው ቀዘፉ። በጳውሎስ መርከብ ላይ ደግሞ 276 ሰዎች ነበሩ። ምክር ያልሰሙት ነበሩ። ጀልባ ይዘው ሊያመልጡ የነበሩት ነበሩ። እስረኞቹን ሊገድሉ የተማከሩ ወታደሮች ነበሩ። ገሚሱ ዋኝቶ፣ ገሚሱ በሳንቃ ላይ ሆኖ ሁሉም ወጣ። መልአክ የሚገባውንና የማይገባውን የምንመድበው እኛ እንዳልሆንን ነግራው ስታበቃ፣ እናቲቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳሰበችው። እስካሁን አልጠየቀም።

17ኛ መልስ

በዚያው መንገድ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ነው የጻፈው። እናቲቱን እማማ እያለ ነው የሚያናግራቸው። ጠባቡ ቦታ ላይ ባሕሩ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም እንደማይበልጥ፣ ደላሎቹም ይህን እያሉ ቀላል እንደሚያስመስሉት ነገራቸው። የተሻገሩት በሌሊት ነው። ስልክ ማብራት ክልክል ነበር። ጀልባው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ውኃው እስከ ጉልበት ገባ። አፉ ተቆርጦ በተከፈተ ጀሪካን እየተቀባበሉ ይቀዱ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው የማያውቀው ልጅ ቀበቶውን ይዞት አደረ። አንዱ ቁርኣን ይቀራል፣ አንዱ እግዚኦ ይላል። ሊነጋ ሲል ተራራ ታየ። ደላሎቹ ግን ዳር ሳይደርሱ፣ ውኃው ደረት የሚደርስበት ላይ ውረዱ አሏቸው። መዋኘት የማይችሉ ነበሩ።

መልአክ አየሁ እንደማይል በግልጽ ጻፈ። በዚያ ሌሊት ያገኘው ነገር ቢኖር ያ ቀበቶውን የያዘው እጅ ነው። ለእናቲቱ የመከራቸው ደግሞ ጸሎት ከመላካቸው በፊት ልጁ እንዳይሳፈር እንዲነግሩት ነው። ኦቦክ ውስጥ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል አለው፤ ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልገውን ይረዳል። እሱም የተመለሰው በዚያ በኩል ነው።

18ኛ መልስ

ጡረተኛው መምህር ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ። የመለኪያ ገመዱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ይህ ይጣል አሉ።

19ኛ መልስ

እኔም ለእናታችን ጥያቄ መለስሁ። የሚላከው ከምዕራፍ 27 ከቁጥር 33 ጀምሮ ያለው ቢሆን እወዳለሁ። ሊነጋ ሲል ጳውሎስ ሁሉንም እህል እንዲቀምሱ ለመናቸው። አሥራ አራት ቀን ሳይበሉ ጠብቀዋልና። እንጀራ ያዘ፣ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆርሶ በላ። ሌሎቹም ተጽናንተው በሉ። ገና ምድር አልታየም። ማዕበሉም አልቆመም። ልጁ በልቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ቀን ላይ እንዲያስብ እንጂ በረሃብና በሌሊት እንዳይወስን ንገሩት አልኋቸው።

20ኛ መልስ

እናቲቱ በማግስቱ ተመለሱ። ልጁ ደውሎ ነበር። የማዕከሉን ነገር ነግረውታል፤ ሄዶ ለመጠየቅ ቃል ገብቷል፤ ግን ከጓደኞቹ መለየት ከብዶታል። ምዕራፉን ደግሞ ራሳቸው በስልክ አነበቡለት። መሪጌታ የልጁን የክርስትና ስም ጠየቁ። ይህ በአደባባይ የሚጻፍ አይደለምና እናቲቱ በውስጥ መስመር ላኩላቸው። የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችንም በዱዓ እንደሚያስበው ጻፈ።

ውይይቱ ክፍት ነው። ኦቦክ ውስጥ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው፣ ልጁን ይዞ እስከ ማዕከሉ በር የሚያደርስ ሰው ካለ እዚሁ ስር ይጻፍልን።